«ባውድለራይዝ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግስ

ቃልም እንደ ሰው የትውልድ ሐረግ አለው። መዝገበ ቃላት ገልጦ ትርጕሙን ያየ ተማሪ ከቃሉ ጋር ተዋወቀ እንጂ ገና ወዳጅ አልሆነም። ማን እንደ ወለደው፣ በምን ምክንያት እንደ ተወለደ፣ ከተወለደም በኋላ ጠባዩ እንደ ጸና ወይም እንደ ተለወጠ ሲመረምር ግን ቃሉ ራሱ ታሪኩን ያጫውተዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በዕለት ንግግር እምብዛም የማይሰማ፣ ነገር ግን ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና ተማሪ በመጻሕፍት መቅድምና በሐያስያን ጽሑፍ ውስጥ ሳይገጥመው የማይቀር አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ነው። እርሱም «ባውድለራይዝ» ይባላል። ቃሉን የመረጥነው ብርቅ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ መጽሐፍ በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ በውስጡ ስላለ ነው። ጥያቄውም «ይህ የማነበው ነገር በርግጥ ደራሲው የጻፈው ነውን?» የሚለው ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ሀ. የቃሉ ትርጕም

«ባውድለራይዝ» ማድረግ ማለት ሌላ ሰው ከደረሰው ጽሑፍ ውስጥ ለጨዋ ጆሮ አይስማማም፣ ወይም ለልጆች አይገባም ተብሎ የተገመተውን ቃል፣ ዐረፍተ ነገር ወይም ምዕራፍ እያወጡ፣ አንዳንድ ጊዜም በለዘበ ቃል እየለወጡ፣ የቀረውን በዚያው በደራሲው ስም ማሳተም ነው። ግሱ ተሻጋሪ ስለ ሆነ ሁልጊዜ ተሳቢ ይፈልጋል፤ ተሳቢውም መጽሐፍ፣ ተውኔት፣ ዘፈን ወይም ፊልም ይሆናል።

ከጎረቤቶቹ ጋር ስናስተያየው ትርጕሙ ይበልጥ ይጠራል። ማሳጠር የሚቈርጠው ስለ ርዝመት እንጂ ስለ ነውር አይደለም። ማረም ስሕተትን ያቃናል፤ የታረመውም ጽሑፍ ደራሲው ሊለው ወደ ፈለገው ነገር ይቀርባል እንጂ አይርቅም። ሳንሱር የባለ ሥልጣን ሥራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመታተሙ በፊት ይከለክላል፣ ኀይልም አለው። «ኤክስፐርጌት» የሚባለው ከላቲን የመጣ ግስ «አጠራ፣ አነጻ» ማለት ሲሆን ለባውድለራይዝ እጅግ የቀረበ ዘመዱ ነው። ልዩነታቸው በድምፅ ቃናቸው ላይ ነው። አንድ አሳታሚ ስለ ራሱ ሥራ ሲናገር «ኤክስፐርጌት አድርጌዋለሁ» ሊል ይችላል፤ «ባውድለራይዝ አድርጌዋለሁ» ብሎ የሚመካ ግን አይገኝም። ይህ ሁለተኛው ግስ ሌሎች የሚሰድቡበት ነው። በውስጡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ መቍረጥ፣ አላስፈላጊ ጭምትነት፣ እንዲሁም በደራሲው ላይ የተፈጸመ በደል።

በአማርኛ አንድ ቃል እናግኝለት ብንል በርከት ያሉ እጩዎች ይቀርባሉ። «ገረዘ» መልካም ይመስላል፤ ምክንያቱም በግእዙ «ገዘረ» የነበረው ይህ ግስ በአማርኛ ለሰውም ለቡና ዛፍም ይነገራል፣ የሚገርዘውም ሰው የጠቀመ እየመሰለው ነው። ነገር ግን የተገረዘ ቡና የበለጠ ያፈራል፤ የተገረዘ ድርሰት እንዲህ አይደለም። እንግሊዞች ራሳቸው ባውድለራይዝ የሚለው ግስ ከመፈጠሩ በፊት ስለ ተቈረጡ መጻሕፍት ሲናገሩ «ተኰላሸ» የሚለውን ቃል ይጠቀሙ ነበር። ይህም ጠንካራ ቃል ነው፤ ነገር ግን ጭምትነቱን አይገልጥም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ቃሉን እንዳለ መያዙን መርጠናል።

ለ. የቃሉ አሠራር

ግሱ ከሁለት ክፍል የተሠራ ነው። የመጀመሪያው «ባውድለር» የአንድ እንግሊዛዊ የቤተ ሰብ ስም ነው። ሁለተኛው «አይዝ» የሚለው ቅጥያ ከጽርእ ተነሥቶ፣ በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ የግስ መሥሪያ ነው። ይህ ቅጥያ ከስም ላይ ሲለጠፍ «እንደዚያ አደረገ» የሚል ስሜት ይሰጣል። ወተትን በሙቀት ከተሕዋስያን ማንጻት ከፈረንሳዊው ሊቅ ከሉዊ ፓስተር ስም «ፓስተራይዝ» ተብሏል። ሰውን በዓይንና በቃል ማፍዘዝ ከሐኪሙ ከፍራንትስ መስመር «መስመራይዝ»፣ ብረትን በዚንክ መለበጥ ከጣልያናዊው ከሉዊጂ ጋልቫኒ «ጋልቫናይዝ» ተብሏል። አንዳንዱ ስም ደግሞ ቅጥያም ሳያስፈልገው ግስ ሆኗል፤ በ1880 በአይርላንድ ገበሬዎች ያደሙበት የካፒቴን ቻርልስ ቦይኮት ስም ዛሬ በእኛም አፍ ውስጥ ይገኛል።

የእኛ ቋንቋ ከባዕድ ስም ግስ ማውጣት የማያውቅ አይደለም። «መነኮሰ»፣ «ጰጰሰ»፣ «ተፈላሰፈ» የሚሉት ግሶች ሥራቸው የጽርእ ስም ነው፤ በግእዝ በኩል ገብተው እንደ አገር ልጅ ይረባሉ። ከአንድ ሰው መጠሪያ ስም ግስ ማውጣት ግን በአማርኛ እምብዛም አይታይም። ቢያስፈልገን «አደረገ»ን አስከትለን «ቦይኮት አደረገ» እንላለን። ስለዚህ እንግሊዝኛ በዚህ ረገድ ያለው ልማድ ለእኛ እንግዳ ነው፤ በሰው ስም ላይ የሚፈርድ ልማድም ነው። ስሙ ግስ የሆነበት ሰው ከሥራው ሁሉ አንዱ ብቻ ለዘለዓለም ይቀርለታልና።

ሐ. ሰውየው

ቶማስ ባውድለር በ1754 በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ አጠገብ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለደ። በስኮትላንድ ሕክምና አጥንቶ በ1776 በኤዲንበርግ ተመረቀ። ነገር ግን በ1781 አንድ የታመመ ወዳጁን ሊያስታምም ወደ ሊዝበን ሄዶ ወዳጁ ሞተበት፤ እርሱም ታሞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሕክምናን ተወ። እስረኞች የሚያዙበት ሁኔታ እንዲሻሻል ከሚጥሩት ሰዎች ጋር አብሮ ደከመ። ቼዝ በመጫወትም የታወቀ ነበር፤ በዘመኑ አንደኛ ከተባለው ከፈረንሳዊው ከፊሊዶር ጋር የገጠማቸው ጨዋታዎች ተመዝግበው ቈይተዋል። በ1825 በዌልስ አገር በስዋንሲ አጠገብ ሞተ።

እንግዲህ ሰውየው ሐኪም፣ በጎ አድራጊና ብልህ ተጫዋች ነበር። ከዚህ ሁሉ በቋንቋው ውስጥ የቀረለት ግን መቀስ ብቻ ነው።

መ. መጽሐፉ

ነገሩ የተጀመረው በቤት ውስጥ ነው። የባውድለር አባት ማታ ማታ ቤተ ሰቡን ሰብስቦ የሼክስፒርን ተውኔቶች ጮኾ ያነብ ነበር። ባውድለር ራሱ በኋላ እንደ ገለጠው፣ አባቱ ሲያነብ ለሚስትና ለልጆች ጆሮ የማይገባ መስሎ የታየውን እየዘለለ ያልፍ ነበር፤ ልጆቹም አንድ ነገር እንደ ተዘለለባቸው አላወቁም። ባውድለር ይህን በምስጋና አስታወሰ። ሁሉም አባት እንዲህ አዋቂ አንባቢ ስላልሆነ፣ አስቀድሞ የተዘለለለት መጽሐፍ ቢያገኝ ይጠቀማል ብሎ አሰበ።

«የቤተ ሰብ ሼክስፒር» የተባለው መጽሐፍ መጀመሪያ በ1807 በባዝ ከተማ ታተመ፤ አራት ጥራዝ ሲሆን 20 ተውኔቶች ነበሩበት። የአዘጋጁ ስም አልተጻፈበትም። ይህን የመጀመሪያውን እትም ያዘጋጀችው ቶማስ ሳይሆን ታላቅ እኅቱ ሄንሪየታ ማርያ ባውድለር፣ በቤት ስሟ ሀርየት ነበረች። ስሟን ያልገለጠችበትን ምክንያት መገመት አያስቸግርም። ነውሩን ለማውጣት መጀመሪያ ነውሩን መረዳት ያስፈልጋል፤ በዚያ ዘመን ያላገባች የጨዋ ልጅ እንዲህ ያለውን ቀልድ ተረድታለች መባሏ ራሱ ነውር ነበር። አሜሪካዊው ኖኤል ፔሪን በ1969 ስለ ባውድለርና ስለ ተከታዮቹ ያሳተመው መጽሐፍ ይህን የእኅቲቱን ድርሻ በስፋት አሳውቋል። እንግዲህ በግሱ ውስጥ የተቀበረው ስም በመጀመሪያ የሴት ስም ነው ማለት ይቻላል፤ ከታሪኩም መጀመሪያ የተቈረጠችው እርሷው ናት።

በ1818 በቶማስ ስም 36ቱንም ተውኔቶች የያዘ ባለ ዐሥር ጥራዝ እትም በለንደን ወጣ። በርዕሱ ገጽ ላይ ሁለት ነገር ተነግሯል፤ አንደኛ፣ በደራሲው ቃል ላይ ምንም እንዳልተጨመረ፤ ሁለተኛ፣ በቤተ ሰብ ፊት ጮኸው ሊያነቡት የማይገባው ቃል ግን እንደ ወጣ። መጽሐፉ መጀመሪያ ብዙ አልተሸጠም። ነገር ግን በ1821 ሁለት ታላላቅ መጽሔቶች ተከራከሩበት፤ «ብላክዉድስ» ሲያጣጥለው፣ በ«ኤዲንበርግ ሪቪው» ላይ ፍራንሲስ ጄፍሪ አመሰገነው። በክርክሩ ምክንያት ስሙ ገነነና ገበያው ደራ፤ ከዚያም በኋላ ደጋግሞ ታተመ።

መቀሱ እንዴት እንደ ሠራ ለማየት ጥቂት ምሳሌ ይበቃል። በሐዘን ወይም በድንጋጤ የእግዚአብሔር ስም በከንቱ ሲጠራ «ሰማይ» በሚለው ቃል ተለውጧል። በሄንሪ 4ኛ ሁለተኛ ክፍል ያለችው ዶል ቴርሺት የምትባለው ጋለሞታ ከነጭራሹ ከተውኔቱ ወጥታለች። በሮሚዮና ጁልየት ውስጥ መርኩሽዮ ለሞግዚቲቱ ቀትር መድረሱን ሲነግራት በሰዓቱ ቈጣሪ ላይ ባለጌ ቀልድ ይቀልዳል፤ በባውድለር እትም ቈጣሪው ባለጌነቱን ትቶ ሰዓት ብቻ ይናገራል። ቀልዱ የወጣው ቃል በማውጣት ብቻ ሳይሆን አንዱን ቃል በሌላ በመተካት ነው። ስለዚህ በርዕሱ ገጽ «ምንም አልተጨመረም» የተባለው እዚህ ላይ ይጐድላል፤ መተካት ማለት ማውጣትም መጨመርም ነውና።

በኦቴሎ ላይ ግን መቀሱ ደነዘ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው በኩል ብዙዎቻችን የምናውቀው ይህ ተውኔት ነገሩ ሁሉ የተመሠረተው በቅናትና በዝሙት ጥርጣሬ ላይ ነው። ኢያጎ በኦቴሎ ጆሮ የሚያንሾካሹከው ጸያፍ ነገር ከወጣ ኦቴሎ ስለ ምን ሚስቱን እንደ ገደለ አይገባንም። ባውድለርም ይህን አልሳተውም። ተውኔቱ ለቤተ ሰብ ንባብ እንደማይመች በግልጥ አስጠንቅቆ፣ ከእንግዳ መቀበያ ክፍል ወደ ግል መጻሕፍት ሣጥን ቢዛወር ይሻላል ብሎ መከረ። ይህ ምክር ሊያስቀን ይችላል፤ ነገር ግን አንድ እውነት ይዟል። ክፉን ነገር የሚያሳይ ድርሰት ክፉው ከወጣለት በኋላ የሚያሳየው ነገር አይኖረውም።

ባውድለር በመጨረሻ ዘመኑ የኤድዋርድ ጊበንን የሮማ መንግሥት አወዳደቅ ታሪክ በዚሁ መንገድ አዘጋጀ፤ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1826 ታተመ። ከዚህ መጽሐፍ የወጣው ለሃይማኖትና ለግብረ ገብ ይቃረናል የተባለው ነገር ነው። በዚህ ጊዜ መቀሱ ከነውረኛ ቀልድ አልፎ ወደ አሳብ ደረሰ ማለት ነው። ይህንንም ደረጃ ልብ እንድንል እንወዳለን። ቀልድ ማውጣት የለመደ እጅ ክርክር ማውጣት አይከብደውም።

ሠ. ስሙ ግስ የሆነበት ጊዜ

ግሱ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተገኘው ባውድለር ከሞተ ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1836፣ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል በነበረው በፔሮኔት ቶምፕሰን ጽሑፍ ውስጥ ነው። አገባቡም ደስ የሚያሰኝ ነው። ቶምፕሰን የሚናገረው በሐዲስ ኪዳን ስለሚገኙት ስሞች ነበር። የጥንት ክርስቲያኖች የአሕዛብ አማልክትን ስም የያዙ ሰዎችን ስማቸውን ሳያስለውጡ ተቀብለዋል፤ የዛሬዎቹ እጅግ ጻድቃን ነን ባዮች ግን እንደ አፍሮዲጡና እንደ ንርቀሱ ያሉትን ስሞች ቢያገኙ ኖሮ ባውድለራይዝ ባደረጓቸው ነበር ማለቱ ነው። አፍሮዲጡ በሚለው ስም ውስጥ አፍሮዲት የምትባለው የግሪኮች የፍቅር አምላክ እንዳለች አንባቢ ያስተውላል። እንግዲህ ግሱ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ መሣቂያ ነበር። በዚያን ጊዜ በትልቁ ፊደል ይጀመር ነበር፤ ዛሬ እንደ ማንኛውም ግስ በትንሹ ይጻፋል። ሰውየው እየተረሳ ግሱ እየጸና መሄዱን ፊደሉ ራሱ ይመሰክራል።

ለፍርድ እንዲያመች የተከላካዩንም ቃል መስማት ይገባል። ባለቅኔው ስዊንበርን፣ እርሱ ራሱ በግጥሞቹ ነውረኝነት የተወቀሰ ሰው፣ በ1894 ለባውድለር ተከራከረለት። የክርክሩም ፍሬ፣ ሼክስፒርን አስተዋይ በሆኑ ልጆች እጅ ለማስገባት ያስቻለ ሰው ለሼክስፒር ከሁሉ የበለጠ ውለታ ውሎለታል የሚል ነው። ይህን ክርክር በቀላሉ ልንጥለው አንችልም። በቤታችንም ተረት የሚያወራ አባት ሕፃን በተቀመጠበት ያለዝባል፤ ማንም አይነቅፈውም። ለዐሥር ዓመት ልጅ የሚበቃው ለሃያ ዓመት ወጣት የሚበቃው አይደለም።

ረ. ከባውድለር ወዲህ

እንግዲህ በደሉ የት ላይ ነው? በእኛ አስተያየት መቍረጡ ራሱ ዋናው በደል አይደለም፤ አንባቢው መቈረጡን አለማወቁ ነው እንጂ። ይህንም በሁለት ምሳሌ እናስረዳለን።

አሜሪካዊው ደራሲ ሬይ ብራድበሪ በ1953 «ፋራናይት 451» የተባለ ልብ ወለድ አሳተመ። መጽሐፉ የሚናገረው መጻሕፍት በመንግሥት ትእዛዝ ስለሚቃጠሉበት ዘመን ነው። በ1967 አሳታሚው ባለንታይን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆን እትም አወጣ። በዚህ እትም ውስጥ 75 ያህል ቦታዎች ተለውጠው ነበር፤ የርግማን ቃላት ወጡ፣ የሰከረው ሰው የታመመ ሰው ሆነ። ለውጥ መደረጉን የሚገልጥ አንድም ቃል በመጽሐፉ ላይ አልነበረም፤ ደራሲውም አያውቅም። ከ1973 ጀምሮ እስከ 1979 ድረስ የሚሸጠው ይህ እትም ብቻ ሆነ። ነገሩን ለብራድበሪ የጻፉለት አሳታሚዎቹም ሐያስያኑም አልነበሩም፤ ተማሪዎች ነበሩ። ደራሲውም ተቈጥቶ መጽሐፉ እንደ ነበረ እንዲመለስ አደረገ። መጽሐፍ ስለ ማጥፋት የተጻፈ መጽሐፍ በስውር መቈረጡ ያስገርማል፤ ከዚያ በላይ ግን ሁለት እትም አስተያይተው ያነበቡ ተማሪዎች የሠሩት ሥራ ያስደስተናል።

ሁለተኛው ምሳሌ ቅርብ ነው። በየካቲት 2023 በ1990 የሞተው የሮአልድ ዳል የልጆች መጻሕፍት በአዲሱ እትማቸው በብዙ መቶ ቦታ መለወጣቸው በእንግሊዝ ጋዜጣ ታወቀ። «እጅግ ወፍራም» የተባለው ልጅ «እጅግ ትልቅ» ሆኗል። በመጽሐፉ መጀመሪያ በትናንሽ ፊደል የተጻፈ ማስታወቂያ ነበር፤ ነገር ግን ምን፣ የት እንደ ተለወጠ አይናገርም። ክርክሩ ሲበረታ አሳታሚው የቀድሞውንም ጽሑፍ እንዳለ ለብቻው እንደሚያሳትም በዚያው ወር አስታወቀ። ባውድለር ይቈርጥ የነበረው ዝሙትንና የአምላክን ስም ነበር፤ በ2023 የተቈረጠው ሰውን በመልኩና በሰውነቱ የሚያስከፋ ቃል ነው። እያንዳንዱ ዘመን የራሱ ነውር አለው፤ ግሱ ግን አንድ ነው።

እነዚህን ሁሉ ስናነጻጽር ሦስት ደረጃ እናገኛለን። የመጀመሪያው ምን እንደ ቈረጠ፣ የት እንደ ቈረጠ የሚናገር ነው፤ ይህ ታማኝ አሳጣሪ ነው። ሁለተኛው መቍረጡን ተናግሮ ቦታውን የማያሳይ ነው፤ ባውድለር ራሱ ከዚህ ይመደባል። ሦስተኛው ምንም የማይናገር ነው፤ የብራድበሪ አሳታሚ ከዚህ ይመደባል። እንግዲህ ቶማስ ባውድለር በስሙ ከሚጠሩት ብዙ ሰዎች የተሻለ ነበር። እርሱ መቀሱን በርዕሱ ገጽ ላይ አስቀምጦታል፤ የሚሻ አንባቢ ሙሉውን ሼክስፒር ገዝቶ ማስተያየት ይችል ነበር። አባቱ ግን እየዘለለ ሲያነብ ልጆቹ የሚያስተያዩበት አልነበራቸውም።

ይህ ለእኛ ለተማሪዎች ምን ያስተምረናል? አንደኛ፣ ተውኔት ወይም ልብ ወለድ ስንዋስ ከታሪኩ በፊት የርዕሱን ገጽና መቅድሙን እናንብብ፤ ማን እንዳዘጋጀው፣ ከየትኛው እትም እንደ ተወሰደ፣ ለማን ተብሎ እንደ ታተመ እንወቅ። ለትምህርት ቤት ተብሎ ያጠረውን አንብበን ስለ ደራሲው ባንፈርድ መልካም ነው። ሁለተኛ፣ እኛም ስንጽፍ መቀስ በእጃችን እንዳለ አንርሳ። የአንድን ሊቅ አሳብ ለድርሰታችን ስንጠቅስ፣ የማይመቸንን መካከለኛ ሐረግ አውጥተን ሁለቱን ጫፍ ብንገጥም፣ ያ ሊቅ ያላለውን አስባልነው። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በቈረጥንበት ቦታ ሦስት ነጥብ ማድረግ፣ ቃል ከለወጥንም በማዕዘን ቅንፍ ማሳየት ነው። ብዙዎቻችን ይህን ደንብ መምህር ነጥብ እንዳይቀንስብን ብቻ የምንጠብቀው ይመስለናል። ነገር ግን ሦስቱ ነጥቦች ለአንባቢው «እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ፤ ብትሻ ሄደህ እይ» ይሉታል። ጸያፍ ቃል የፈራ ሰው ይቍረጥ፤ የቈረጠበትን ቦታ ግን ያሳይ።